መሃል ሜዳ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ

የምሠራበት የውጭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ፋይሎቹን ኮዳ በሚባል የፋይል ሥርዓት ነው የሚይዘው። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ በ1987 እ.ኤ.አ. ኤኤፍኤስ የተባለውን የቀድሞ የፋይል ሥርዓት መሠረት አድርጎ የጀመረው ሥርዓት ነው። ትልቁ ሙያው ፋይሎቹን ከያዘው ዋና ኮምፒውተር፣ ማለትም ከሰርቨሩ፣ ርቀህም እንዳትቸገር ማድረጉ ነው። የምትፈልጋቸውን ፋይሎች አስቀድመህ ትነግረዋለህ፣ እሱ ላፕቶፕህ ላይ ያከማቻቸዋል።

ለእናቴ ተዝካር መንዝ ስሄድ ይህን አደረግሁ። መሃል ሜዳ ከተማ እንደደረስኩ ኔትወርክ ጠፋ። ማታ ጋቢዬን ደርቤ፣ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስሠራ፣ ደብረ ብርሃን ኮምፒውተር የሚማረው የአክስቴ ልጅ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ ሰርቨሩ ከሌለ ይሄን እንድትከፍት ማን ፈቀደልህ?»

ደስ ያለኝ ጥያቄ ነው! ሰርቨሩ ፋይሉን ሲሰጥ፣ እኔ በዚያ ፎልደር ውስጥ ማንበብና መጻፍ እንደምችል አብሮ ይናገራል። ላፕቶፑ ይህን ያስታውሳል። መስመሩ ሲቋረጥ በሰርቨሩ ቦታ ሆኖ የሚፈቅደውና የሚከለክለው በዚያ ትዝታ ነው። የምቀይረውን ሁሉ ደግሞ በቅደም ተከተል ይመዘግባል።

ደብረ ብርሃን ገብተን ዋይፋይ ስናገኝ አብረን አየነው። መጀመሪያ ምንም አልተላከም። መታወቂያ ቶክኔ፣ ማለትም ማንነቴን ለሰርቨሩ የሚያረጋግጠው ጊዜያዊ ምልክት፣ ጊዜው አልፎበታል፣ ስለዚህ መዝገቡ ቆሞ ጠበቀ። የይለፍ ቃሌን አስገባሁ። ለውጦቹ አንድ በአንድ አለፉ፣ ከአንዱ ፎልደር በስተቀር። እኔ መንዝ እያለሁ ባልደረቦቼ ያንን ፎልደር ለኦዲት ዘግተውታል፤ ሰርቨሩ የዛሬውን ፈቃድ አይቶ አልቀበልም አለ። የጻፍኩት ግን አልጠፋም፣ ላፕቶፑ ላይ ተቀምጦ ቆየኝ።

ይህ አሠራር ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ኔትወርክ ስለሌለ ብቻ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። በተለይ እንደኛ አገር መስመር በሚቆራረጥበት። የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠው ግን ሰርቨሩ ነው፣ እሱም ሲገናኙ።

ልጁ አለቀቀኝም። «ከሥራ የተሰናበተ ሰውስ? ላፕቶፑን ከኔትወርክ ቢያርቀው?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት። የፈቃዱ ስረዛ መስመር ላይ ላልሆነ ማሽን አይደርሰውም። ዲስኩ ላይ ያለውን ከማንበብ የሚያግደው የለም። ለዚህ ነው የተማሪዎችን ውጤት የያዘውን ፎልደር ማናችንም ላፕቶፕ ላይ የማናከማቸው። እሱን ለመክፈት የግድ ሰርቨሩ ጋ መድረስ አለብን።