ረቡዕና ቅዳሜ የሚጠፋው ኮምፒውተር

ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ፣ ግንፍሌ አካባቢ፣ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እዚያው እኖራለሁ፣ እዚያው እሠራለሁ። ላፕቶፔ አልችልም ሲለኝ ዕቃ በዕቃ እየለቀምኩ ዴስክቶፕ ገጠምኩ። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600፣ ግራፊክስ ካርዱ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር፣ ራሙ 16 ጊጋ። ብሩ እዚያ ላይ አለቀና ለፓወር ሰፕላይ፣ ለኮምፒውተሩ መብራት ለሚያድለው ሣጥን፣ የቀረኝ ትንሽ ነበር። ባለሱቁ «600 ዋት ነው፣ ይበቃሻል» አለኝ። ሳነሳው ቀለለኝ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

የመጀመሪያው ማታ ፋኑ ሁሉ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ራም ሳወጣ ስከት አመሸሁ። ለካ ለፕሮሰሰሩ ለብቻው የሚሄደውን ባለ 8 ፒን ገመድ አልሰካሁትም። ማዘርቦርዱ ላይ ከላይ ጥግ ነው ያለው፤ ትልቁን ባለ 24 ፒን የሰካ ሰው የጨረሰ ይመስለዋል። ሰካሁት፣ ምስል መጣ፣ ብቻዬን እልል አልኩ።

ዋናው ጣጣ የመጣው ከአራት ቀን በኋላ ነው። የአንድ ሰርግ ሬንደር (ኤዲት ያደረግኩትን ወደ አንድ ቪዲዮ ማውጣት ማለት ነው) ግማሽ ላይ እያለ ድርግም አለ። የክፍሌ አምፖል በርቷል፤ ኮምፒውተሩ ብቻ ጠፍቶ ራሱ ተነሳ። ሙቀት ነው ብዬ አየሁ፣ አይደለም። ዊንዶውስ ነው ብዬ ፎርማት አደረግኩ፤ ጠዋት ጠዋት መጥፋቱን ግን አልተወም። ፎርማቱ አሁንም የሚያናድደኝ ሥራ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን በላብኝ።

ከዚያ ፓወር ሰፕላይን ያለ ኮምፒውተር የሚያስነሳውን፣ የአግራፍ ሙከራ የሚሉትን ሞከርኩ። ፓወር ሰፕላዩን ከሁሉም ነቀልኩት። በባለ 24 ፒኑ ላይ አረንጓዴውን ሽቦ ከአጠገቡ ካለው ጥቁር ጋር በተዘረጋ አግራፍ አገናኘሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ግድግዳው ላይ የሰካሁት። ፋኑ ዞረ። ከጎረቤት በተዋስኩት ቴስተር 12 ቮልት የሚያወጣውን ቢጫና ጥቁሩን ለካሁ፤ 11.97 ቮልት። ከ11.4 እስከ 12.6 ድረስ ጤነኛ ነው ይባላል። ነጻ ለቀቅኩት።

ሰፈራችን ውስጥ ሞባይልና ቴሌቪዥን የሚጠግን ልጅ አለ። ስነግረው ሳቀብኝ።

«እህቴ፣ እሱማ ባዶዋን የምትሄድ አህያ ናት። ጫኚባትና እያት።»

ዕቃውን አገላብጦ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳየኝ። በትልቁ 600 ዋት ይላል። ከሥሩ ግን በደቃቃ ጽሑፍ 12 ቮልት፣ 20 አምፔር። 12 ሲባዛ በ20፣ 240 ዋት። ግራፊክስ ካርዱ ብቻውን 125 ዋት ይወስዳል፣ ፕሮሰሰሩ ሲጨናነቅ 76 ይደርሳል። ሁለቱም በዋናነት የሚበሉት ከ12 ቮልቱ ነው። ሬንደር ስጀምር ጣሪያው ሊነካ ትንሽ ነው የሚቀረው።

ይሄ ግን አንድ ነገር አልመለሰልኝም። ማታ ማታ ያንኑ ሬንደር እስከ ሌሊት ሲሠራ አይጠፋም። ታዲያ ጠዋት ምን ይነካዋል?

ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ ከፈትኩ። በጠፋ ቁጥር «ከርነል ፓወር 41» የሚል ቀይ መስመር ተጽፏል። መስመሩ ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ መነሳቱን ነው የሚናገረው እንጂ ምክንያቱን አይነግርም። እኔ የፈለግኩት ግን ሰዓቱን ነበር። ሰባቱም ረቡዕና ቅዳሜ ላይ ናቸው። በኮምፒውተሩ ከ9 እስከ 11፣ በእኛ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት።

ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት እማማ እንጀራ ይጋግራሉ። እማማ የምላቸው አከራዬን ነው። ማድቤታቸው ከክፍሌ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው።

ቅዳሜን ጠበቅኩ። ቴስተሩን ኤሲ (የግድግዳ መብራት) ላይ አድርጌ ሶኬቱ ውስጥ ከተትኩ፤ 216 ቮልት። በግድግዳው በኩል «እማማ፣ ምጣዱን ሰኩት እስቲ!» አልኩ። ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ወረደ። 198፣ 181፣ 174 ላይ ቆመ። ሦስት ሺህ ዋት አልፎ የሚበላ ምጣድና የእኔ ኮምፒውተር በአንድ መስመር ነን። ድሮውንም ጣሪያ ላይ የነበረው ርካሽ ዕቃ፣ የሚገባው ሲያንሰው ተንፈራግጦ ይወድቃል።

እማማ ጉዳዩን ስነግራቸው «ታዲያ በሌሊት ልጋግርልሽ?» አሉ። እንደ ቀልድ ነው፣ ግን ቅር ብሏቸዋል።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ከፓወር ሰፕላዩ ኋላ ያለችውን ቀይ ማብሪያ ከ230 ወደ 115 ገልብጫት አለችኝ። ኧረ በጭራሽ! 115 ላይ ሲሆን የገባውን ቮልት እጥፍ የሚያደርግ ሰርኪት ነው የሚሠራው። ምጣዱ ተነቅሎ 216 ሲመለስ ውስጥ ያለው መብራት የሚያጠራቅም ካፓሲተር ሊፈነዳ ይችላል። ከፍታችሁ ለማየትም አትሞክሩ፤ ከተነቀለ በኋላም መብራት ይዞ ይቆያል።

መልስልኝ ብዬ ሱቁ ሄጄ ነበር። ባለሱቁ ቃል ሳይተነፍስ ከራሱ በላይ ወደተለጠፈው ወረቀት በአገጩ ጠቆመኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።» በመጨረሻ ያገለገለ፣ ግን ከባድ ገዛሁ። ወረቀቱ ላይ 12 ቮልት 45 አምፔር፣ መግቢያው ከ100 እስከ 240 ይላል። ቀይ ማብሪያ የለውም፤ ራሱ ይለምደዋል።

ኤሌክትሪሻንም አስጠራን። ማድቤቱ ኮርኒስ ውስጥ በናስትሮ የተጠቀለለ የሽቦ መጋጠሚያ አገኘ፤ ሲፈታው ውስጡ ከስሏል። የኔ ኮምፒውተር ባይጠፋ ኖሮ ማንም አያየውም ነበር። እማማ ያንን የጠቆረ ሽቦ በእጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ።

ባለፈው ቅዳሜ ምጣዱ ተሰክቶ ለካሁ፤ 199። ሬንደሩ እየሄደ ነው። እማማ በግድግዳው «ልጄ፣ ጠፋ?» አሉ።

«አልጠፋም እማማ፣ ይጋግሩ።»