ኪሎ መጣልና መመለስ ሰውነቴን ምን አደረገው?

ቦክስ የምጫወተው በ60 ኪሎ ምድብ ነበር። ውድድር በሌለበት ጊዜ ግን 67 እደርሳለሁ። ውድድር በቀረበ ቁጥር ምግብ እቀንሳለሁ፣ ላስቲክ ለብሼ እሮጣለሁ፣ ስቲም እገባለሁ። በመጨረሻው ቀን ውሃም አልቀምስም። ከሚዛን እንደወረድኩ ደግሞ ያገኘሁትን እበላለሁ። ጂም ውስጥ ከታላላቆቻችን የተማርነው ይህንኑ ነው።

መጀመሪያ ሰውነቴ ይታዘዘኝ ነበር። እየቆየ ግን ኪሎው ለመውረድ አስቸጋሪ፣ ለመመለስ ፈጣን ሆነ። ሚዛኑ ያው 60 ይላል፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ግን እጄ ይዝላል።

ነገሩን ያብራራልኝ አንድ የስፖርት ሐኪም ነው። ሰው በጥድፊያ ሲከሳ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። ኪሎው ሲመለስ ስቡ ይቀድማል፤ ጡንቻው ወደ ኋላ ይቀራል። በዚያ ላይ የተራበ ሰውነት ጉልበት ይቆጥባል። የጥጋብ ምልክት የሚሰጠው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ይጨምራል። ከውድድር በኋላ አልጠግብ ያለን ልጅ «ሆዳም» ማለት ግፍ ነው። ፊንላንድ ውስጥ በቀድሞ ብሔራዊ ስፖርተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በወጣትነታቸው ኪሎ ሲጥሉና ሲመልሱ የኖሩት ቦክሰኞችና ክብደት አንሺዎች በኋላ ዕድሜያቸው ከሌሎቹ ስፖርተኞች ይበልጥ ወፍረው ተገኝተዋል።

ውሃ መከልከል ደግሞ የባሰ ነው። የደም መጠን ይቀንሳል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ሰውነት ሙቀቱን ማስወጣት ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ የትግል ስፖርተኞች ኪሎ ለመጣል ሲታገሉ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሞቱ። ከዚያ በኋላ በኮሌጅ ውድድሮች ስቲምና ላስቲክ ልብስ ታገዱ። በአማተር ቦክስ ሚዛኑ በውድድሩ ዕለት ጠዋት ስለሆነ የጎደለውን ለመተካት ያለው ጊዜ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

እኔ ወደ 64 ኪሎ ምድብ ወጣሁ። አሰልጣኜ ቶሎ አልተስማማም፤ የመጀመሪያውን ግጥሚያም ተሸነፍኩ። ቢሆንም ቀጠልኩ። ከውድድር ውጪ ከ66 እንዳላልፍ እጠነቀቃለሁ። መቀነስ ሲኖርብኝ ቀደም ብዬ እጀምራለሁ፤ በሳምንት ከግማሽ ኪሎ አላስበልጥም። ጡንቻዬ እንዳይሄድ ብረት አነሳለሁ። በጾም ወቅት ምስር፣ ሽሮና ሽምብራ ከገበታዬ አይጠፉም። ቁርስ አልዘልም። ውሃ አላቋርጥም።

ሦስተኛው ዙር ላይ አሁን እግሬ ይንቀሳቀሳል። በጣም የሚያሳስበኝ ገና በማደግ ላይ ያሉት ታዳጊዎች ናቸው። አሰልጣኞች፣ እባካችሁ የልጁን ምድብ ከመወሰናችሁ በፊት በልቶና ጠጥቶ በመጣበት ተራ ቀን መዝኑት።