ኮከቧ ያላየቻቸው ፋይሎች

የላፕቶፔ ሃርድ ዲስክ መንቋቋት የጀመረው ሐሙስ ዕለት ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ይህን ድምፅ አንዴ የሰማ ሰው አይረሳውም። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ኮምቦልቻ ወርጄ ለአንድ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ የሠራነውን የመጋዘን ፕሮግራም ማሳየት አለብኝ። ቢሯችን ደሴ ፒያሳ፣ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አራት ሰው፣ አንድ ራውተር፣ ክረምት ከበጋ የማይለቅ ብርድ።

ብዙም አልደነገጥኩም። ተርሚናል ከፈትኩና ሆም ፎልደሬ (የግል ፋይሎቼ ሁሉ ያሉበት) ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ እንዲገለብጥ አዘዝኩት። «ሁሉ» የሚለውን የጻፍኩት በኮከብ ምልክት (*) ነው። ገለበጠ። ፎቶዎቹን አየሁ፣ ሰነዶቹን አየሁ፣ የፕሮጀክት ፎልደሮቹን አየሁ። አሉ። ላፕቶፑን ለጠጋኝ ሰጠሁ። «የድሮውን ዲስክ ምን ላድርገው?» አለኝ። «ጣለው» አልኩት።

አርብ ከሰዓት አዲሱ ዲስክ ላይ ኡቡንቱ 24.04 የተባለው ሊኑክስ ተጭኖ መጣ። ሰርቨራችን ውስጥ ልገባ ስል አላስገባም አለኝ። ሰርቨሩ ፓስዎርድ አይቀበልም፤ የሚያውቀው የኤስኤስኤች ቁልፍ ብቻ ነው፤ በፓስዎርድ ፈንታ ማንነትን የሚያሳይ ምስጢራዊ ፋይል ማለት ነው። ቁልፉ የሚቀመጠው ስሙ በነጥብ በሚጀምር ፎልደር ውስጥ ነው። ፎልደሩ የለም።

ሊኑክስ ላይ ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ፋይሎች ድብቅ ናቸው። ባሽ ላይ፣ ማለትም ተርሚናል ውስጥ ትእዛዝ በሚቀበለው ፕሮግራም ላይ፣ ያቺ ኮከብ፣ ካልነገሯት በቀር፣ እነሱን ዘላ ታልፋለች። የሚገርመው በሌሎቹ ፎልደሮች ሆድ ውስጥ ያሉት በነጥብ የሚጀምሩ ፋይሎች ተገልብጠዋል። የቀሩት ሆም ላይ በቀጥታ የተቀመጡት ናቸው። እነሱ ደግሞ ዋናዎቹ ነበሩ፦ ቁልፉ፣ የተርሚናሌ ማስተካከያ፣ የጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) ቅንብሬ፣ የፖስትግሬስ (የዳታቤዙ) ፓስዎርዶቼ። ወደ ጠጋኙ ሮጥኩ። ዲስኩን ከሌላ ቁርጥራጭ ጋር ለቆራሌው ሰጥቶታል።

የነዚህ ድብቅ ፋይሎች ታሪክ ራሱ አስቂኝ ነው። የቤል ላብስ የዩኒክስ ቡድን አባል የነበረው ሮብ ፓይክ በ2012 እንደ ፈረንጆቹ እንደጻፈው፣ ሊኑክስ አርአያ ባደረገው በጥንቱ ዩኒክስ ነጥብ ማለት «ያለሁበት ፎልደር»፣ ሁለት ነጥብ ደግሞ «ከበላዩ ያለው» ነበር። ፋይል ሲዘረዘር እነዚህ ሁለቱ እንዳይታዩ ተፈለገ። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ስሙን ሙሉውን ከማመሳከር ይልቅ የመጀመሪያዋን ፊደል ብቻ አይቶ እንዲያልፍ አደረገ። አቋራጭ መሆኑ ነው። በነጥብ የሚጀምር ሁሉ በዚያው ድብቅ ሆኖ ቀረ። የሌላ ሰው አቋራጭ ነው ደሴ ድረስ መጥቶ ያገኘኝ።

ሌላ ቁልፍ ያለው ባልደረባዬ ለለቅሶ ወረኢሉ ሄዷል። እሁድ ማታ እስኪመለስና አዲሱን ቁልፌን ሰርቨሩ ላይ እስኪጨምርልኝ ድረስ ዕቃዬን አንድ በአንድ ስጭን ከረምኩ። በድሮው ኡቡንቱ 22.04 ላይ የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን 3.10 ነበር የሚመጣው። አዲሱ ላይ 3.12 ነው። ያረጀ ላይብረሪያችን (ፕሮግራማችን የሚጠቀምበት የተዘጋጀ ኮድ) የሚደገፍበት ዲስትዩቲልስ የተባለው ክፍል ከ3.12 ተነቅሎ ወጥቷል። የፓይተን ላይብረሪ ጫኚው ፒፕ ደግሞ ሲስተሙ ላይ በቀጥታ አልጭንም፣ ለብቻው የተከለለ ቦታ አዘጋጅልኝ አለ። ትክክል ነው። እኔ ነኝ ለዓመታት ሲስተሙ ላይ ስከምር የኖርኩት። ምን እንደጫንኩ የተጻፈ ነገር አልነበረኝም። ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ያለው ብዬ ነበር፤ ግማሹ የለም።

ሰኞ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ዶሮ መዝለያን በጉም አልፈን ታች ስንደርስ ጃኬት ማውለቅ ግድ ነው፤ እኔ ግን ከመንገዱም በፊት አልቦኝ ነበር። ገቢና ወጪው ሠራ። የሪፖርቱ ገጽ አልከፈት አለ። ለነጋዴው ለሐጂ የሆነውን እንዳለ ነገርኳቸው።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረጉና፦ «እኔ እንኳ የዱቤ ደብተሬን ሁለት ቦታ ነው የምጽፈው። አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ቤት።»

ምን ይባላል? ሻይዬን ጠጣሁ።

በዚያው ሳምንት ስክሪፕት፣ ማለትም ትእዛዞችን በተራ የሚያስኬድ ፋይል፣ መጻፍ ጀመርኩ። የሚጫኑትን ሁሉ በዝርዝር አስገባሁ። በነጥብ የሚጀምሩትን የቅንብር ፋይሎች አንድ የጊት ፎልደር ውስጥ ሰብስቤ ስክሪፕቱ ወደ ሆም በሊንክ እንዲያገናኛቸው አደረግኩ። ቁልፍና ፓስዎርድ እዚያ አይገባም፤ እነሱ ተመስጥረው ለብቻቸው ሁለት ቦታ ተቀመጡ፣ እንደ ሐጂ። እኔ ላፕቶፕ ላይ ሮጠ፣ ሠራ፣ ኮራሁ።

ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ካምፓስ ለልምምድ የመጣች ተማሪ ነበረች። «በዚህ ጫኚ፣ ሃያ ደቂቃ ነው» አልኳት። በሁለተኛው ደቂቃ ቆመ። ፎልደሩን የሚፈልገው በእኔ የተጠቃሚ ስም ነው። «አንተን ሆኜ ነው እንዴ የምገባው?» አለችኝ። አስተካከልኩ። እንደገና አስጀመረች፤ መሃል ላይ መብራት ሄደ።

የእሷ ዴስክቶፕ ነው፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) የለውም። መብራት ሲመጣ ስክሪፕቱ ገና ከበሩ ተመለሰ፦ ፎልደሩ አለ፣ ልፈጥር አልችልም። ያንን ስናልፍ ጊት ኮዱን ልገልብጥ ያልኩበት ቦታ ባዶ አይደለም አለ። ያንን ስናልፍ የኡቡንቱ ፕሮግራም ጫኚ ዲፒኬጂ መሃል ላይ ስለተቋረጠ መጀመሪያ የጀመረው ይጠናቀቅለት አለ። የጻፍኩት ለማይጠፋ መብራት ነበር። የትኛው አገር ሆኜ እንደጻፍኩት እንጃ!

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እያንዳንዱ እርምጃ ከመሥራቱ በፊት እንዲጠይቅ አደረግኩ። ፎልደሩ አለ? እለፍ። ኮዱ ወርዷል? አዲስ ነገር ካለ ብቻ አምጣ። ይህቺ መስመር ባሽ አርሲ (የባሽ ቅንብር ፋይል) ውስጥ አለች? አትድገማት። የተቋረጠ ጭነትን የሚያጠናቅቀው ትእዛዝ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ይሮጣል፤ የተቋረጠ ባይኖርም ጉዳት የለውም።

ሐሙስ ማሽኗን አጸዳንና እንደገና አስጀመረች። አሥር ደቂቃ እንደሄደ መብራቱ፣ እንደለመደው፣ ሄደ። ማንም አልተናገረም። ቡና ተፈልቶ ስለነበር ቶናውን ጠጣን። ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ጻፈች። ስክሪኑ ላይ «አለ፣ አለ፣ አለ፣ አለ» እያለ ወረደ፤ ከዚያ «እየጫንኩ ነው» አለ።

«የት ጋ እንደቆመ ያስታውሳል ማለት ነው?»

«አያስታውስም። እየጠየቀ ነው የሚያልፈው።»

በረካው ሳይቀዳ ጨረሰ። ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ የሪፖርቱም ገጽ ጭምር። እሷ ግን የዕቃ መመዝገቢያው ላይ «ሚስማር» ብላ ልትጽፍ ሞከረችና ዞር ብላ አየችኝ።

«የአማርኛ ኪቦርዱስ?»