ውሃ ካገኙ ይላኩልን

ዛሬ ጎንደር ማራኪ ሰፈር የውሃ ወረፋ ላይ አንዱ ልጅ ስልኩን እያየ «የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በዓመት ወደ 25 ቢሊዮን ዶላር ይመደብለታል!» ብሎ ጮኸ። ሰልፉ ተንጫጫ። ከፊቴ ያሉት እማማ «ለምኑ?» አሉት።

«ጨረቃ ላይ ውሃ ለመፈለግም ጭምር።»

ጀሪካናቸውን አዩት። ክዳኑ ጠፍቶ በፌስታል የተጠቀለለ ቆረቆንዳ ወትፈውበታል፤ ፌስታሉ ራሱ ተልጦ ነጭ ሆኗል። «እንግዲህ ካገኙ ይላኩልን» አሉ። በሳቅ ሞትን።

ብሩ ብዙ ቢመስልም ከአሜሪካ መንግሥት ወጪ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። የእኛዋ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ ደግሞ አብዛኛውን ወጪ የቻለችው ራሷ ቻይና ናት። ያኔም «መጀመሪያ ዳቦ» ያለው ብዙ ነበር።

እኔ ግን አልስማማም። የተላከችው እኮ እርሻና ውሃ እንድታይልን ነው፣ ማርስን አይደለም። ለከተማችን ውሃ የሚሰጠው አንገረብ ግድብ በደለል መቸገሩን ጎንደር ውስጥ የማያውቅ የለም፣ አፈሩ ከየትኛው ተራራ እየታጠበ እንደሚመጣ ደግሞ ከላይ በተነሳ ፎቶ መለየት ይቻላል። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ ፎቶው ከተነሳ በኋላ ተራራው ላይ እርከን ለሚሠራው ሰው የሚሆነው በጀትስ?