ለአባዬ ያልነገርኩት ሞተር

ቺያንግ ማይ፣ ሰኞ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት ስገባ መዝገቡ ላይ የፈረምኩት 9/12/2567 ብዬ ነው። ታይላንዶች ዘመን የሚቆጥሩት በቡድሃ ነው፤ ከፈረንጆቹ 543 ዓመት ይቀድማሉ። እኛ ደግሞ ከፈረንጆቹ ወደ ኋላ ነን። እጄ 2567 ሲጽፍ ልቤ 2017 ይላል፤ በመካከሉ 550 ዓመት አለ። እንዲህ እየቆጠርኩ እዚህ አገር ሦስት ዓመት ኖርኩ። ሦስቱንም ዓመት ሞተር እንደምነዳ ለአባዬ አልነገርኩትም ነበር። ባለፈው ዓርብ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፌ ተለውጧልና ሳይረሳኝ ልጻፈው።

አባዬ የግብርና ባለሙያ ነበር። ፍኖተ ሰላም ዙሪያ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞረው መሥሪያ ቤቱ በሰጠው ያማሃ ነው። ልጅ ሆኜ ከፊቱ ታንከሩ ላይ አስቀምጦ እስከ አስፋልቱ ያደርሰኝ ነበር፤ አገጩ አናቴን ሲነካኝ አሁንም ይታወቀኛል። አሥር ዓመት ሳይሞላኝ፣ በአንድ ክረምት፣ ብር ወንዝን ሲሻገር ጎማው ድንጋይ ላይ አዳለጠውና ከነሞተሩ ወደቀ። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ዛሬም ግራ እግሩን ይጎትታል። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሞተር ወሬ ተነሥቶ አያውቅም። ታይላንድ ለማስተማር ስመጣ ቦሌ ድረስ ሸኝቶኝ የተናገረው አንድ ነገር ነው። «እዚያ አገር ሰው ሁሉ ሞተር ላይ ነው አሉ። አንቺ እንዳትሞክሪው።» እሺ አባዬ አልኩ።

እሺታዬ የቆየው አራት ወር ነው። ቺያንግ ማይ ውስጥ በቀይ ሶንግቴው መሄድ ይቻላል፤ ከኋላው ሁለት አግዳሚ ወንበር ያለው ፒክአፕ ነው፣ እንደኛ ታክሲ ሰው እየጫነ እያወረደ ይሄዳል። የእኔ ትምህርት ቤት ግን ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ ሶንግቴው እዚያ ድረስ የሚመጣው ሲመቸው ብቻ ነው። ገበያው፣ ክሊኒኩ፣ በየ90 ቀኑ አድራሻ የምናሳውቅበት የኢሚግሬሽን ቢሮ፣ ሁሉም ያለው ሞተር ላለው ሰው ነው። ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ አሮጌ ሆንዳ ዌቭ ገዛሁ። 125 ሲሲ ነው፣ አራት ማርሽ አለው፣ የእጅ ፍሪሲዮን የለውም፤ ማርሹን በእግር መርገጥ ብቻ ነው። ሊብሬው አረንጓዴ ደብተር ነው፣ እንደኛ ቦሎ በየዓመቱ የሚለጠፍም አለው።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ያለ መንጃ ፈቃድ ነዳሁ። ጥፋት ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። በተለይ የጉዞ መድን ብዙ ጊዜ የሞተር ፈቃድ ለሌለው ሰው ምንም እንደማይከፍል ካወቅሁ በኋላ። ያነቃኝ መውደቄ ነው። ክረምት ነበር፤ ከቤቴ እስከ ሱቅ ሁለት ደቂቃ ነው ብዬ ሄልሜቱን እጀታው ላይ ሰቅዬ ወጣሁ። በግራ በኩል መንዳት ገና አልገባኝ፣ መታጠፊያው ላይ ልማዴ ወደ ቀኝ ወሰደኝ። ከፊቴ መኪና ሲመጣ ፍሬን ያዝኩ፣ አስፋልቱ እርጥብ ነበር፣ ተዘረጋሁ። ጉልበቴና ክንዴ ተላጡ፣ ጭንቅላቴ ከመንገዱ ጠርዝ አንድ ስንዝር ተርፎት ቆመ። ኑድል የምትሸጥ ሴትዮ ምድጃዋን ትታ ሮጠች። በዚህ አገር በዕድሜ የምትበልጥሽን ሴት «ፓ» ትያታለሽ፣ አክስት እንደማለት ነው፤ ታናሽ ከሆንሽ «ኖንግ» ትባያለሽ። እትዬና ጋሼ እያልን ላደግን ሰዎች ይህ ወዲያው ይገባናል። ፓ ቁስሌን በጠርሙስ ውኃ አጠበች፣ ሞተሬን አነሣች፣ ከዚያ የተሰቀለውን ሄልሜት ፈትታ ራሴ ላይ አድርጋ ማሰሪያውን ቆለፈችው። አንድም ቃል አልተናገረችም። እስከ ዛሬ በዚያ ሳልፍ መጀመሪያ የምታየው ጭንቅላቴን ነው።

በሳምንቱ ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ሄድኩ። የመኖሪያ ማስረጃ፣ የሐኪም ወረቀት፣ ፓስፖርት። ቀለም መለየት ይፈትኑሻል፤ ቀይ ሲበራ እግርሽን ወደ ፍሬን በስንት ፍጥነት እንደምታዛውሪ ይለኩሻል። በኮምፒውተር ከሚቀርቡት 50 ጥያቄዎች 45ቱን መመለስ ግድ ነው። ከዚያ ሞተሩን በጠባብ ጣውላ ላይ በዝግታ መንዳት አለ፣ ከባዱ እሱ ነው፤ መፍጠን ቀላል ነው፣ ቀስ ብሎ ሳይወድቁ መሄድ ነው የሚያስቸግረው። በሁለተኛው ቀን አለፍኩ። የመጀመሪያው ፈቃድ ለሁለት ዓመት ነው፤ አሁን የአምስት ዓመቱን ይዣለሁ።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ታይላንድ ውስጥ በዓመት ከ100 ሺህ ሰው 32.7ቱ በመንገድ አደጋ እንደሚሞቱ፣ ከሟቾቹም ሦስት አራተኛው፣ ማለትም ከአራቱ ሦስቱ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማ ላይ የነበሩ እንደሆኑ አንብቤያለሁ። ለአባዬ ያልነገርኩት ለዚህም ነው። አባዬ ቢጠይቀኝ የምመልሰው አልነበረኝም።

አሁን ወደ ጉዞው። ሐሙስ ኅዳር 26 ቀን፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 5፣ በዓል ነበር። የሟቹ ንጉሥ ቡሚቦል የልደት ቀን ነው፤ ታይላንዶች የአባቶች ቀን አድርገው ያከብሩታል። ንጉሡ የተወለዱት ሰኞ ስለሆነና የሰኞ ቀለም ቢጫ ስለሆነ አገሩ ሁሉ ቢጫ ይለብሳል። ዓርብን ፈቃድ ጠይቄ የአራት ቀን መንገድ ያዝኩ፦ የሜ ሆንግ ሶን ዙር፣ ወደ 600 ኪሎ ሜትር። በከተማዋ የሚሸጡት ቲሸርቶች ላይ ሁሉ 1,864 የሚል ቁጥር አለ፣ ከቺያንግ ማይ እስከ ሜ ሆንግ ሶን ያሉት ኩርባዎች ቁጥር ነው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ወጣሁ። በ108 ቁጥር መንገድ ወደ ደቡብ፣ ቾም ቶንግ ስደርስ በስተቀኝ ዶይ ኢንታኖን ጉም ለብሶ ቆሟል፤ 2,565 ሜትር፣ የአገሩ ከፍተኛው ተራራ። ሆት የምትባል ከተማ ላይ ቤንዚን ሞላሁ። ከዚያ መንገዱ ወደ ምዕራብ ዞሮ ጥድ ውስጥ ይገባል፤ የጥዱ ሽታ በሄልሜቱ መስተዋት ሥር ይገባና እንጦጦን ያስታውሳል። በየመንደሩ ትምህርት ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ቢጫ ጨርቅ ተጠልፏል። ልጆች ቢጫ ለብሰው ከአባቶቻቸው ጋር ሞተር ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ያልፉኛል። አንዷ ከፊት ተቀምጣ እጀታውን ይዛለች፤ አባቷ አገጩን አናቷ ላይ አሳርፏል። ከዚያ በኋላ ሜ ሳሪያንግ እስክገባ ስለ መንገዱ ብዙ የማስታውሰው የለኝም።

ዓርብ ጠዋት ብርዱ ጣቶቼን አደነዘዛቸው። ሰው ታይላንድን ሙቀት ብቻ አድርጎ ያስባል፤ በዲሴምበር ሰሜኑ ተራራ ላይ ጃኬት ከሌለሽ ታለቅሻለሽ። ኩን ዩዋም ስደርስ ወደ ዶይ ሜ ኡ ኮ ታጠፍኩ። በኖቬምበር ተራራው ሙሉ በቢጫ አበባ ይሸፈናል። ዘግይቼ ነበር የደረስኩት፤ አብዛኛው ደርቆ ቡናማ ሆኗል፣ ጥላ ያለበት ገደል ሥር ብቻ ቀርቶ ነበር። አበባው የመጣው ከሜክሲኮ ነው፣ ከአደይ ጋር በሩቅ ይዛመዳል እንጂ አደይ አይደለም፣ ቁመቱም ከእኔ ይበልጣል። ቢሆንም አንድ ቀጠፍኩና ሄልሜቴ ውስጥ አስቀመጥኩት።

በየኬላው ወታደሮች ፓስፖርት ያያሉ፤ የምያንማር ድንበር ቅርብ ነው። አንዱ ልጅ እግር ወታደር ፓስፖርቴን እያገላበጠ «ፋራንግ አይደለሽም» አለኝ። አይደለሁም አልኩት። እኛም ነጩን ፈረንጅ እንላለን ብዬ ስነግረው ቃሉን ደጋግሞ ቀመሰው። የሁለቱም ቃላት ሥር አንድ ነው፤ ፍራንክ ከሚለው የድሮ ስም በፋርስና በዐረብ በኩል ዞሮ አንዱ ወደ እኛ፣ አንዱ ወደ እነሱ መጣ።

ሜ ሆንግ ሶን ስገባ መሽቷል። የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት በሩ በ«ሃ ቱም» ይዘጋል አሉኝ፤ ቃል በቃል አምስት ሰዓት ማለት ነው። አብረውኝ የነበሩት ሁለት አውሮፓውያን ግራ ተጋቡ። እኔ አልተጋባሁም፤ ከምሽቱ አምስት ሰዓት መሆኑ ነዋ። ታይላንዶች ማታውን ልክ እንደኛ ነው የሚቆጥሩት፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አንድ ቱም፣ ሁለት ቱም ይላሉ፣ የእኛው አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው የሚለያዩን።

የነቢያት ጾም ላይ ነን፣ ዓርብም ነው። እዚህ አገር ለጾመኛ የሚያድን ቃል «ጄ» ነው፤ ቢጫ ባንዲራ ላይ በቀይ ተጽፎ ካየሽ ሥጋም፣ ዕንቁላልም፣ ወተትም የሌለበት ምግብ አለ ማለት ነው። ቃሉን ካልተናገርሽ አትክልቱ ላይም የዓሣ መረቅ ይጨምሩበታል። ኩሬው ዳር፣ ዋት ቾንግ ክላንግ የሚባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ መብራት ውኃው ላይ ከሚታይበት አጠገብ፣ አንዲት የሻን ብሔረሰብ ሴት ትኩስ ነገር ትሸጣለች። ሻኖች ቶፉ ይሉታል፤ ግን ከአኩሪ አተር አይደለም። የሽምብራ ዱቄት በውኃ ተመትቶ፣ እየተማሰለ፣ ወፍሮ የወጣ ነው። ቢጫ ነው፤ ይንፈቀፈቃል። ጄ ነው ወይ አልኳት፣ ጄ ነው አለች። አንድ ማንኪያ ወሰድኩ። በርበሬ የለውም፣ ቅመሙ ሌላ ነው፤ ሽታውና ምላስ ላይ የሚቀመጥበት ክብደት ግን ሽሮ ነው። የእማዬ ወጥ ቤት ነው። ሳህኑን ይዤ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ስልኬን አወጣሁ። እኔ ጋ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም ከቀኑ 10 ሰዓት።

«አባዬ፣ ሞተር ገዝቻለሁ» አልኩ። «ከገዛሁ ቆየሁ። አሁን እሱ ላይ ሆኜ ሩቅ መጥቻለሁ።»

ዝም አለ። ሲተነፍስ ይሰማኛል። እማዬ ከኋላ ምንድነው ስትል ይሰማኛል።

«ስንት ሲሲ ነው?» አለ።

ነገርኩት። የፊት ፍሬኑ ዲስክ ነው ወይስ ሸራ? ዲስክ። የኋላው? ሸራ። ሄልሜትሽ አገጭ አለው? አለው። መንገዱ ጠጠር ነው? አስፋልት ነው፣ ግን ኩርባ ብቻ ነው፣ 1,864 ኩርባ ይላሉ። «ማን ቆጠረው?» አለ፤ አላውቅም አልኩት። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፣ ያኔ ገበሬዎቹን ሲያስተምር የሚናገርበት ድምፅ ሆነ። «ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዘሽ አትውረጂ። ማርሽ ቀንሺ፣ ሞተሩ ራሱ ይያዝሽ። ኩርባው ውስጥ ገብተሽ ፍሬን አትንኪ፤ ከመግባትሽ በፊት ጨርሺ። ዓይንሽ ገደሉን አይይ፣ መውጫውን ይይ።» ለምን ደበቅሽኝ አላለኝም። መጨረሻ ላይ ብቻ «ፎቶውን ላኪልኝ» አለ። ሽሮው በእጄ ላይ ቀዝቅዟል። በላሁት።

ቅዳሜ በፓንግ ማፓ በኩል ወደ ፓይ ሄድኩ፣ ስለ እሱ ቀን ጉም ነበር ከማለት ሌላ የምለው የለኝም። ፓይ ውስጥ ጉልበታቸውና ክርናቸው በፋሻ የታሰረ ወጣት ፈረንጆች በየቡና ቤቱ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ ሞተር የነኩት ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ ነው፤ በቀን 200፣ 300 ባት ተከራይተው በ1095 መንገድ ይወጣሉ። ሳያቸው ያ የመንገድ ጠርዝና የፓ እጅ ይታየኛል።

እሑድ ከፓይ ወደ ቺያንግ ማይ ስወርድ 762 ኩርባ አለ። በሁለተኛ ማርሽ ወረድኩ፣ ሞተሩ እያጉረመረመ፣ እጄ ፍሬኑ ላይ ልል ብሎ። ግማሽ ላይ አንድ ወንድና አንዲት ሴት አውቶማቲክ ሞተራቸውን መንገድ ዳር አቁመው ፈርተው ቆመዋል፤ ፍሬኑ ግሎ አልይዝ ብሏቸው ነው፣ የተቃጠለ ሸራ ይሸታል። ቆምኩ። እንዳትነኩት፣ ይቀዝቅዝ አልኳቸው፤ ቡና የሚሸጥበት ዳስ አጠገብ ግማሽ ሰዓት አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ የአባዬን ቃል አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አውቶማቲክ ማርሽ የለውም፣ ነገር ግን ቤንዚኑን ጨርሶ ካልለቀቁትና በዝግታ ከወረዱ ትንሽ ይይዛል፤ ፍሬኑንም እየጫኑ እየለቀቁ ነው እንጂ ይዞ መቆየት የለም። ከፊት ከፊት እየመራሁ ሜዳው ድረስ አወረድኳቸው።

ማታ ቤት ገብቼ የሞተሩን ፎቶ ለአባዬ ላክሁ። ከጎን የተነሣ፣ ጭቃው እንዳለ። መልሱ እስኪመጣ ዓይኔን ከስልኩ አልነቀልኩም። የድምፅ መልእክት መጣ፦ «ጥሩ ሞተር ነው። ሰንሰለቱ ግን ልል ነው፣ ሥሩ ተንጠልጥሏል። ነገውኑ አስጠብቂው።»

ዛሬ ከሥራ ስወጣ በቀጥታ ሰፈሬ ወዳሉት መካኒክ ሄድኩ። «ሉንግ» ነው የምላቸው፣ ጋሼ እንደማለት። ጎንበስ ብለው ሰንሰለቱን በጣታቸው ወደ ላይ ገፋ ገፋ አደረጉት፣ ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። እንዴት አወቅሽ? አሉ።

«ፖ» አልኳቸው። በታይኛ አባት ማለት ነው።

የኋላውን ጎማ አላልተው ወደ ኋላ ሳቡት፣ አጠበቁት፣ በእጃቸው አሽከረከሩት። ሰንሰለቱ ላይ ዘይት አድርገው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ወደ ስልኬ ጠቆሙኝ። እንደገና ፎቶ አንሥቼ ላክሁ።