በእጄ የሠራኋትን ጀልባ እንዴት አስመዘገብኳት

ጀልባዋን ጨርሼ፣ ቀለም ቀብቼ ነው ወደ ምዝገባ ቢሮ የሄድኩት። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነበር።

አራት ሜትር ተኩል የምትረዝም የኮምፔንሳቶ ጀልባ ነች። ኋላዋ ላይ 27 ኪሎ የሚመዝን ሞተር ይገጠምላታል። ያስተናገዱኝ ተቆጣጣሪ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ንድፌን ዘርግቼ ሳስረዳ በትዕግሥት ሰሙኝና፣

«ልጄ፣ ይቺ ነገር ውሃ ብትሞላ ምን ትሆናለች?» አሉኝ።

«እንጨት ስለሆነች ትንሳፈፋለች።»

«ሞተሩስ?»

ዝም አልኩ። ቀጥለው ከወለሉ በታች ያለውን መገጣጠሚያ የሚያሳይ ፎቶ ጠየቁኝ። አንድም አላነሳሁም። ስለዚህ ስንት ቀን የለፋሁበትን ወለል ነቅዬ ማሳየት ግድ ሆነብኝ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ ስፈታ ሆዴ ተቃጠለ። ሳይሸፈን በፊት እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶ ማንሳት፣ የእንጨቱንና የሙጫውን ደረሰኝም ማስቀመጥ ነበረብኝ።

ከዚያ ሌላው ዓለም እንዴት እንደሚያደርገው ማንበብ ጀመርኩ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ ከ2.5 እስከ 24 ሜትር የሚረዝሙ የመዝናኛ ጀልባዎችን ይመለከታል። ለራሱ መጠቀሚያ የሠራ ሰው፣ ጀልባዋን በ5 ዓመት ውስጥ ገበያ ላይ እስካላወጣት ድረስ፣ ከመመሪያው የግንባታ መስፈርት ነጻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950 በፊት የተነደፉ ጀልባዎችን በአብዛኛው በጥንቱ ቁሳቁስ አስመስሎ የሠራም እንዲሁ። ይሄን ሳነብ ደስ አለኝ። ግን ከመስፈርቱ ነጻ መሆን ማለት ከምዝገባም፣ ከላይፍ ጃኬትም ነጻ መሆን ማለት አይደለም። እነዚህ በየአገሩ ሕግ የሚታዩ ናቸው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የሽማግሌው ጥያቄ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። አንድ ቀን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ጀልባዋን ወገብ ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ አስገባናት። በሞተሩ ቦታ 27 ኪሎ አሸዋ በጆንያ አሰርን። ከዚያ በባልዲ መሙላት። ግማሽ እንደደረሰ ኋላዋ ሰመጠ፣ አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ቆመ፣ ወዲያው ተገለበጠች። ሰው ተቀምጦባት ቢሆን ብዬ ሳስብ ልቤ ቀጥ አለ።

ለካ ጀልባዋ እንዳትሰምጥ ብዬ ያስገባሁትን ፎም፣ ማለትም አየር የያዘውን ቀላል ማንሳፈፊያ፣ የጠቀጠቅኩት ወለሉ ሥር ነው። ውሃ ስትሞላ ፎሙ ከታች ሆኖ ሆዷን ወደ ላይ ይገፋል፤ ስለዚህ ትገለበጣለች። ፎሙ መሆን ያለበት ከፍ ብሎ፣ በሁለቱም ጎን ጠርዝ ሥር ነው፤ ከሞተሩ አጠገብ ደግሞ በዛ ብሎ። ስሌቱ ቀላል ነው። ውሃ ውስጥ የገባ አንድ ሊትር ፎም፣ የራሱ ክብደት ሲቀነስ፣ አንድ ኪሎ ያህል ይሸከማል። ውሃ የማይመጥ ፎም መሆኑን ግን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ፎሙን አዛውሬ በድጋሚ ሞላናት። እስከ አፏ ሞልታ ቀጥ ብላ ቆመች። ላይፍ ጃኬቴን እንደለበስኩ ገብቼ ተቀመጥኩ። ውሃው እስከ ሆዴ ደረሰ፤ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ባህላዊ ጀልባዎች ያለኝ አቋም ጠንክሯል። ከአባቱ አይቶ የተማረ ጀልባ ሠሪ በመሐንዲስ የተፈረመ ንድፍ ከየት ያመጣል? አምጣ ከተባለ ይሸሻል፤ ጀልባው ሳይመዘገብ ይሠራል። አደጋ ሲደርስ ማን እንደወጣ፣ ማን እንዳልተመለሰ የሚያውቅ አይኖርም። በባልዲና በአሸዋ የሚደረገውን ፈተና ግን ማንም ሊያደርገው ይችላል። ደንብ አውጪዎች ከወረቀቱ በፊት ይሄን ቢጠይቁ የብዙ ሰው ሕይወት ይተርፋል ብዬ አምናለሁ።

ተቆጣጣሪው ሁለተኛውን ፈተና ራሳቸው መጥተው አዩ። ቁጥሯንም ሰጡኝ። በአሜሪካ ደንብ የጀልባ መለያ ቁጥር 12 ፊደልና አኃዝ ይይዛል፤ ሁለት ቦታም ይጻፋል፤ አንዱ ከኋላ በቀኝ በኩል በግልጽ፣ ሌላው ሌባ በማያገኘው ስውር ቦታ። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ስውሩን ቀርጬ ሳበቃ፣ ከመሸፈኔ በፊት፣ ፎቶ አነሳሁት።