ድኩላው ሳያውቅ መድረስ

ፎቶዎቼን ያዩ ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ሌንስ ነው። ሌንሱ ይቆይ። የምኒልክ ድኩላ የሚያመልጠው ካሜራው ገና ቦርሳ ውስጥ እያለ፣ ወደ ቦታው ስትሄድ ነው።

የእኔ ቦታ መናገሻ ሱባ ደን ነው፤ ከሰበታ ወጣ ብሎ፣ ወጨጫ ተራራ ጎን ላይ። በዋዜማው ሄጄ ድንኳን ውስጥ አድራለሁ። የምቀመጠው አንድ ትልቅ ጽድ ሥር ነው። ከፊቱ ሽቅብ ትንሽ ገላጣ አለ፤ ድኩላ ማለዳ ቅጠል ሊቀነጥብ ይወጣበታል። እስከዚያ የሚያደርስ ቀጥ ያለ የእግር መንገድም አለ። አልሄድበትም፤ ድኩላዎቹም የሚመላለሱት በእሱ ነው። ዙሪያውን እሄዳለሁ፣ ቢረዝምም።

ዋናው ነገር ነፋስ ነው። ድኩላን ዐይኑን ልትሸውደው ትችላለህ፣ አፍንጫውን ግን አትሞክረው። ፀሐይ ሳትወጣ ቀዝቃዛው አየር ከተራራው ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ከታች በኩል እወጣለሁ፤ ጠረኔ ወደ ኋላዬ ቁልቁል ይሄዳል። ፀሐይዋ መሬቱን ስታሞቀው ነገሩ ይገለበጣል፣ አየሩ ሽቅብ ይነሳል። ያኔ እዚያው መቀመጥ ለድኩላው መልእክት መላክ ነው። ኪሴ ውስጥ አመድ አለኝ። ቆንጠር አድርጌ እለቅና ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ፤ አውድማ ላይ እህል ሊያነፍስ የተነሳ ገበሬ እንደሚያደርገው።

ልብስ ላይ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ቅጠል የመሰለ ጃኬት ይገዛል፣ ናይለን ስለሆነ ቁጥቋጦ በነካው ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ያረጀ የሱፍ ሹራብ ይበልጠዋል። ብቻ ዕጣን በሚጨስበት ክፍል እንዳትሰቅለው። ሽቶማ አይነሳ።

አረማመድም አለ። ሰው ሲሄድ እርምጃው እኩል እኩል ነው፤ ከሩቅ ያስታውቃል። ሁለት ሦስት እርምጃ፣ ቆም። ደግሞ አንድ፣ ቆም። የምረግጥበትን ደረቅ ቅርንጫፍ ከዋዜማው ከሰዓት አነሳሳለሁ። አንድ ሽማግሌ የደን ጠባቂ ይህን ሲያዩ፣ «አንተ ልጅ፣ ጫካውን ልትጠርግልን ነው የመጣኸው?» ብለውኛል።

አንዳንዴ የሚያሳብቅብህ ሌላ ነው። ጉሬዛ ከላይ አይቶህ ከጮኸ ጫካው ሁሉ ይሰማል። ቁጭ ብዬ እስኪረሱኝ እጠብቃለሁ። ድኩላው ራሱ ካወቀህ ግን እንደ ውሻ ይጮኻል። ከዚያ ወዲያ መከተል ልፋት ነው፤ ፔርሙስህን ክፈትና ሻይህን ጠጣ።

ብዙ ሰው የማያስበው መመለሻውን ነው። ድኩላው ገላጣው ላይ እያለ ከተነሳህ ቦታውን ካንተ ጋር ያያይዘዋል፤ ሌላ ጊዜ ይጠነቀቅበታል። ያ ጥቁሩ ወንድ ድኩላ ደግሞ ቶሎ መሄድ አያውቅም። ቤት ለምሳ እደርሳለሁ ብዬ የቀረሁት በእሱ ነው ስል፣ ማንም አያምነኝም።